የማይጋደመው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ለልጁ ሠርግ አጥሩን ሊያስነጣ ኖራ በበርሜል አስበጠበጠ። ኖራ ውሃ ሲነካው እንደ ተቆጣ አማች ይንተከተካል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ የሚያቃጥል ሽታ ይለቃል። ያ ሽታ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ አፍንጫዬን ሲይዘኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን ጥዬ ተነሣሁ። ልጆቼ ምን ሆንሽ ቢሉኝ ወታደሮቼ መጡ አልኳቸው። ልጆቼ እኔ ከምናገረው አሥር ነገር አንዱን ብቻ ማመን ለምደዋል፤ ይቺንም ከዘጠኙ ጋር ደባልቀው ጣሏት። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። እናንተ ገና አላወቃችሁኝም።

ያደግኩት ገዳሪፍ ነው። አባቴ እድሪስ ከጎንደር ወርዶ በከተማዋ ገበያ፣ በሱጉ ውስጥ፣ በርበሬና ከሙን የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ቤታችን ከከተማዋ ጫፍ ከወታደሮች መቃብር ጋር በአንድ ግንብ ይዋሰናል። እዚያ አገር ነጭን ሁሉ ኸዋጃ ስለሚሉ ቦታውም የኸዋጃ መቃብር ይባላል። ውስጡ ግን በጣልያን ጊዜ ጠረፉ ላይ የወደቀው ሁሉ ነው ያለው፤ ነጩም፣ ሱዳኑም፣ ህንዱም፣ የእኛም ሰው። አጫጭር ድንጋዮች በሰልፍ ቆመዋል፤ መሐላቸው ስም የተቀረጸበት ረጅም ነጭ ሐውልት አለ። እኔ በልጅነት አእምሮዬ ሐውልቱን የአለቃቸው መቃብር አድርጌው ነበር። አለቃ ስለሆነ ቆሞ ተቀብሯል፤ ቁመቱም ያን ያህል ነው።

በዚያ ክረምት፣ ሱዳኖቹ ኸሪፍ በሚሉት፣ ንፋስ የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ ነቅሎ ወሰደው። ሩቅ ያለችው መፋዛ ድረስ በርሮ አንድ ግመል ላይ ኮፍያ ሆነ እያልኩ ሳወራ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር የተገኘው ከጎረቤት ማሽላ ውስጥ ነው። ብቻ ትምህርት ተዘጋ፤ እኔ ቤት በዋልኩ ቁጥር ደግሞ የእናቴ ብርጭቆ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን እናቴ ሐሊማ የመጨረሻውን ደህና ብርጭቆ ስብርባሪ እየጠረገች ወደ ግንቡ ጠቆመችኝ።

"ሂጂ፣ አያ ፈንታን አግዢ" አለችኝ። "እዚያ ያለው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ብትጥዪውም አይሰበርም።"

አያ ፈንታ የመቃብሩ ዘበኛ ነበሩ። የቋራ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚያው ቀሩ። በዚያ ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት የካኪ ካፖርት ከላያቸው አይወርድም፤ ኪሱ ውስጥ እንቁላል ቢያስቀምጡ ጫጩት ሆኖ ይወጣ ነበር። ያኔ ከኖኅ ጋር መርከብ የተሳፈሩ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ሳሰላው በእኔ በአሁኑ ዕድሜ ነበሩ፤ ስለዚህ ሒሳቡን ትቼዋለሁ።

ሥራችን ድንጋይ ማቃናት ነበር። የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ፍየል ይውጣል። ፍየሉን አላየሁም፣ ስንጥቁን ግን አይቻለሁ። ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ያብጥና የተተከለበትን ሁሉ ይገፋል። ስለዚህ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ድንጋዮቹ ተጋድመው ይገኛሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ የባልንጀራው ትከሻ ላይ። እኔ ይህን አይቼ ወታደሮቹ ሌሊት እንደሚገላበጡ ደመደምኩ። እኔም ስተኛ እገላበጥ ነበርና፤ አብራኝ የምትተኛው እህቴ ምስክር ናት።

ግኝቴን ለአያ ፈንታ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም።

"ልክ ነሽ" አሉኝ። "የተለቀሰለት ሰው ይተኛል። የተኛ ደግሞ ይገላበጣል።"

አያ ፈንታ የተጋደመውን ድንጋይ ሥሩን በድጅኖ ይቆፍሩና ጠጠር ይጠቀጥቁበታል። ከዚያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የውሃ ጠርሙስ አናቱ ላይ ያስተኛሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ መሐል ላይ ከቆመች ድንጋዩ ተቃንቷል። የእኔ ሥራ አረፋዋን ማየት ነው። ግራና ቀኜን አጥርቼ ስለማላውቅ በአንድ በኩል ያለውን ገበያ፣ በሌላው በኩል ያለውን የባሱንዳ እርሻ እየጠራሁ "ወደ ሱግ!" "ወደ ባሱንዳ!" እያልኩ አዛለሁ፤ እሳቸው ይገፋሉ። ያን ያህል ወታደር ያዘዘ ጄኔራል ከእኔ በፊት አልነበረም። ድንጋዮቹ ሲያልቁ ሱዳኖች ጂር የሚሉትን ኖራ በጥብጠን የመንገዱን ጠርዝና የሐውልቱን እግር ነጭ እንቀባለን። ከዚያ ማታ ቤት ስገባ እናቴ በቅንድቤ ላይ ከቀረው ኖራ ዕድሜዬን ትገምትና "ደህና ዋሉ፣ አሮጊቷ?" ትለኛለች።

ከድንጋዮቹ ሁሉ አንዱን በጣም እወደው ነበር። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኒም ዛፉ ሥር ያለ፣ ስም የሌለው ድንጋይ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን አንድ መኮንን ለአያ ተርጉሞላቸዋል፤ ስሙን አምላክ የሚያውቀው ወታደር ይላል። እኔ የወደድኩት ግን ለጽሑፉ አልነበረም። አይጋደምም። ዝናብ ይዝነብ፣ ዋልካው ይበጥ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ነው የሚገኘው። ሥራ የማያበዛብኝን ሁሉ እወዳለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

አያ ፈንታ ግን ሁልጊዜ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ ይሄዱና ጠርሙሱን ያስተኙበታል። አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ ትላለች። "ቀጥ ብሏል!" እላለሁ በደስታ። እሳቸው ፊታቸው ይጠቁርና ጠርሙሱን ብድግ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሥራ ያጡ ስለመሰላቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። በኋላ አላስችል ሲለኝ ጠየቅኋቸው።

ድንጋዩ ሥር ተቀምጠው ነገሩኝ። አባታቸው አንዳርጌ በጣልያን ጊዜ ዳማ በቅሎውን ጥይት ጭኖ፣ ወታደሮቹን መንገድ እየመራ ጠረፉን ተሻገረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቅሎዋ ብቻዋን መጥታ ደጃቸው ቆመች። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ሲል የአያ ፈንታ እናት እምቢ አለች። በቅሎዋ ከመጣች ጌታዋም ይመጣል፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብላ የሁሉንም አፍ ዘጋች። እንዲሁ መንገድ መንገድ እያየች አለፈች። በእነሱ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ሕዝቡ ሜዳ ይወጣል፤ የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ በቅሎው ይታያል፤ አልቃሽ መሐል ገብታ ማን እንደነበረ በግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው ይቀበላታል። አንዳርጌ ይህን ሁሉ ሳያገኝ ቀረ። ልጁ አድጎ ለአጨዳ ሲመጣ ይህን መቃብር አየ። ሁሉ ሲጋደም አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያን አይቶ ወደ አገሩ አልተመለሰም።

"አላለቀስንለትማ" አሉኝ አያ ፈንታ። "እንዴት ይተኛ? ዘብ እንደቆመ ነው። እኔ ሳልሞት አንዴ ቢለቀስለት ሌላ የምፈልገው የለኝም።"

መፍትሔው ቀላል ነው ብዬ እዚያው ኡኡ ስል አፌን አፈኑኝ። መቃብሩን የሚያስተዳድረው ሙዲር፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ በግቢው ውስጥ ጩኸት የሚባል ነገር ከልክሏል። እዚያ ግቢ ውስጥ በግ ባዕ ካለ ዘበኛው ይጠየቃል። አያ ፈንታ ከዚያ ቢወጡ ጎጇቸውም እዚያው ናት፣ ድንጋዩም እዚያው ነው። ደግሞም ለቅሶ ማለት ጩኸት አይደለም አሉኝ። አልቃሽ ይፈልጋል።

ኸዋጃዎቹ ራሳቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኸሪፍ አልቆ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከኻርቱም ይመጡ ነበር። ባለፈው ዓመት ከግንቡ ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ቀይ የወረቀት አበባ አስቀመጡ፤ አንዱ ጥሩምባ ነፋ፤ ከዚያ ሁሉም ቀጥ ብለው ዝም አሉ። ዝም አሉ፣ ዝም አሉ። ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ የሚወራረዱ መሰለኝና በሆዴ አንዱን ወፍራም መርጬ ቆየሁ። ተሸነፈ፤ አፍንጫውን አከከ። አያ ፈንታ ግን በየዓመቱ ለእነሱ ያፍሩላቸዋል። ይኼን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ አልቃሽ አጥቶ፣ ዝም ብሎ ቆሞ መሄድ! ጎረቤት እንኳ ቢለምኑ ምን ነበረበት ይላሉ።

ጥቅምት ሲገባ ሰሊጡ ደረሰ። ከመተማና ከጎንደር ቆላ አጫጆች በሎሪ እየተጫኑ ወደ ባሱንዳና ወደ ፋሽጋ እርሻዎች ጎረፉ። ዓርብ ዓርብ ወደ ሱጉ ይመጣሉ። አንድ ዓርብ በአባቴ ሱቅ አንዲት ሴት አጫጆች አጅበዋት ገባች። የአጫጆቹ ምግብ አብሳይ እትዬ ውዴ ናት። አንድ ቁንጥር በርበሬ አንሥታ አሸተተች።

"ይኼ በርበሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀዘቀዘው፣ እድሪስ? ታሞ ነበር እንዴ?"

"ደህና ነው፣ እትዬ" አለ አባቴ፣ በርበሬው እስኪሰማው ድረስ በትሕትና።

ከአጃቢዎቿ አንዱ አባቴን አስጠነቀቀው። "ተጠንቀቅ፣ እሷ አልቃሽ ናት። አንዴ ሙሾ ካወረደችለት በርበሬህን ቀብረኸው ነው የምትገባ።"

እኔ የሰማሁት አልቃሽ የምትለዋን ብቻ ነው። ከጆንያ ላይ ዘልዬ ቀሚሷን ያዝኩ። አንድ የቆየ ሟች አለኝ፣ ታለቅሺለታለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እትዬ ውዴ ወደ አባቴ ዞር ብላ ይቺን ልጅ ከየት አመጣሃት ብትለው አባቴ እኔንም ያጠያይቀኛል አላት። ቢሆንም ተከትላኝ መጣች።

አያ ፈንታ ሲያዩዋት ካፖርታቸውን ቆለፉ። እሷ ድንጋዩን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ንገሩኝ አለች። አልቃሽ ሟቹን ሳታውቅ አፏን አትከፍትም። ስሙን፣ ሥራውን፣ የዋለበትን፣ የሚወደውን ሁሉ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። የአያ ፈንታ አባት ሲሄድ እሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። ስንት ጠላት እንደጣለ አያውቁም። የት እንደወደቀ አያውቁም። መልኩ እንኳ ጠፍቷቸዋል። በመጨረሻ እያፈሩ ያላቸውን አወጡ። መንገድ ሲሄድ ያፏጭ ነበር። በአንድ እጁ አንሥቶ በቅሎዋ ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ካፖርታቸውን ፈተው ከውስጥ አንድ የደረቀ የቆዳ ልጓም አወጡ፤ በቅሎዋ ይዛው የተመለሰችው ነው። ያ ካፖርት በሙቀት የማይወልቀው ለካ ለዚህ ነበር።

"ሌላ የለኝም" አሉ።

ይህን ያህል ትንሽ ሀብት ይዞ ለቅሶ አይወጣም ብዬ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ። ስለዚህ ረዳኋቸው። አንዳርጌ ብቻውን አንድ ሻለቃ ጣልያን እንደማረከ፣ አውሮፕላን በድንጋይ እንዳወረደ፣ አንበሳም እግረ መንገዱን እንደገደለ ለእትዬ ውዴ አወራሁላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ሙሾ ላይ አይዋሽም፣ አንቺ ልጅ" አለችኝ። "ሟች ያላደረገውን ብንልለት ያፍራል። ከመሬት በታች ሆኖ ሲያፍር ማን ይሸፍነዋል?" ከዚያ ወደ አያ ዞረች። "ይበቃናል፣ አያ። ፉጨትና በቅሎ ካለው ሰው ነው።"

በዚያው ቀኑን ቆረጡ። ኸዋጃዎቹ የሚመጡት በቀጣዩ ዓርብ ነበር፤ ሁልጊዜ ጠዋት መጥተው ቀትር ሳይሆን ይሄዳሉ፤ ሙዲሩም አብሯቸው ለምሳ ይሄዳል። ግቢው ጭር ሲል እትዬ ውዴ የሚቀበሏትን አጫጆች ይዛ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ያለ ሙዲሩ ጆሮ ተለቅሶ ያልቃል። አባቴ ነገሩን ሲሰማ ፊቱን አጠቆረ። በእኛ በእስልምና ዋይታ አይወደድም፣ ለሟች ዱዓ ይበቃዋል አለ፤ እኔም ድርሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። ግን ዓርብ ጠዋት ለለቀስተኞቹ የሚሆን ስኳርና ተምር በእኔው አስይዞ ላከ። ሃይማኖቱ ጥብቅ ነው፤ ጎረቤትነቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጥብቅ ነው።

ያን ዓርብ ኸዋጃዎቹ አልመጡም። ቀትር ሆነ፣ የሉም። ለካ መኪናቸው ገና ያልደረቀ ዋልካ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ በግመል ይሁን በትራክተር እንጃ፣ ተጎትቶ ወጣ። ሲደርሱ ጀምበር ዘንበል ብላለች። ሙዲሩ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ፣ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ አሰለፋቸው። አያ ፈንታ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ግንቡ ላይ ነኝ። ከግንቡ ላይ ግቢውም መንገዱም ይታያል፤ ስለዚህ የሚመጣውን መዓት ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። በመንገዱ ላይ እትዬ ውዴ አጫጆቿን አስከትላ ትመጣለች።

ያኔ ጥሩምባው ተነፋ።

በእነ እትዬ ውዴ አገር ለትልቅ ሰው ለቅሶ መለከት ይነፋል፤ ለቅሶው ሜዳ ወጣ፣ ኑ ማለት ነው። እትዬ ውዴ መንገዱ መሐል ቆመች። ቆይተው አጫጆቹ እንደነገሩኝ "ሰማችሁ? መለከት አስነፉለት! እኛ ዘገየን" ነው ያለችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ጥሩምባው አበቃ። ወደ ውስጥ አየች። ባለማዕረግ፣ ባለኒሻን፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሁሉም በሰልፍ ቆመው አንገታቸውን ደፍተዋል። አንድም ሰው አይተነፍስም። አገሩ ሁሉ እንዲህ ቆሞ ዝም የሚለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልቃሿ እስክትጀምር። ይህን ሁሉ ሰው ያስጠበቀችው እሷ መሆኗን ስታስብ እንዴት እንደደነገጠች ከፊቷ አየሁት። ልጮህላት ፈለግሁ። በሕይወቴ አንዴ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን፣ አፌ እምቢ አለኝ።

በሰልፉ መሐል አልፋ ኒሙ ሥር ሄደች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አወረደች።

"በቅሎዋ ተመልሳ ደጁ ላይ ስትቆም፣
ጌታዋን ጠየቅናት አልተናገረችም።"

አጫጆቹ በሩን ሞልተው "ወይ ወይ" ብለው ተቀበሏት። ሰልፉ እንደተገተረ ነው፤ ዓይኖች ብቻ ይዞራሉ። የሙዲሩ ዓይን ዞሮ ዞሮ አያ ፈንታ ላይ አረፈ፤ በእጁም አስወጣት የሚል ምልክት ሰጣቸው። አያ ፈንታ ከበሩ ተነሡ። ሊያስወጧት መሰለኝ። ሊያስወጧት ቢሆንም አልፈርድባቸውም ነበር፤ ጎጇቸውን አውቃታለሁ። በሰልፉ ፊት ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ካፖርታቸውን በሰው ፊት አወለቁ፤ ልጓሙን ድንጋዩ አናት ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ከእትዬ ውዴ ጎን ቆመው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

"ያፏጭ ነበር አሉ መንገድ እየመራ፣
ፉጨቱን ማን ወስዶት ዝም አለ ተራራ።
ዘብ የቆምከው ጎበዝ ተረኛህ መጥቷል፣
ጋደም በል አንዳርጌ ልጅህ ደርሶልሃል።"

ሙዲሩ እየተንደረደረ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ኸዋጃ፣ ደረቱ ኒሻን በኒሻን የሆነ፣ ምርኩዙን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋበት። ምን እያለች እንደሆነ ይነግረው ዘንድ አስተርጓሚ ፈለገ። አማርኛም ዐረብኛም የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ በሩ ላይ የተገኘው አባቴ ነው፤ እኔን ከግንብ ሊያወርድ የመጣ። ዋይታ የማይወደው አባቴ ሙሾውን በዐረብኛ ከሰልፉ ለወጣ አንድ የሱዳን መኮንን ያስረዳል፣ መኮንኑ ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ ያቀብላል። ሁለቴ ተሻግሮም ሽማግሌው ጋ ሲደርስ አልቀዘቀዘም። በቅሎዋ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። አባቴ ሰምቶ ወደ እትዬ ውዴ ዞረ።

"እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቶም የሚባል ጓደኛ አለው። በየዓመቱ እየመጣ ይቆማል፤ ሰው ሲያለቅስለት ግን ሰምቶ አያውቅም። ለእሱም ትይልኝ እንደሆን ይልሻል።"

"ሥራውን ይንገረኛ" አለች እትዬ ውዴ።

ሽማግሌው አሰበ። ጀብዱ አላወራም። ቶም ምግብ ሲያበስል ሁልጊዜ ያሳርር ነበር፤ ሁሉም ይሰድቡት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ያላረረ ምግብ አልጣፈጣቸውም። አባቴ ይህን ሲያስተረጉም እትዬ ውዴ ራሷን ነቀነቀች፤ አብሳይ ለአብሳይ ያዝናል። ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ሄደች።

"ወጥ ያሳርር ነበር ቶም ምግብ ሲሠራ፣
አንጀት አሳረረ ሄዶ ሌላ ስፍራ።"

አጫጆቹ ለቶም እንደ ወንድማቸው አለቀሱለት። ቀጥሎ የሱዳኑ መኮንን የአጎቱን ስም ሐውልቱ ላይ አሳያት፤ በዋና ሰውን ሁሉ ይቀድም ነበር አላት። ቀጥሎ ሌላው መጣ። ኋላ ላይ ተራ ተይዞ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም፤ አትመኑኝ፣ ግን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የአባቴ ተምር ለኸዋጃም ተረፈ።

ሙዲሩ እስከ መጨረሻው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ አያ ፈንታ መጣ። አያ የሚባረሩ መስሏቸው ካፖርታቸውን አጣጥፈው ለማስረከብ አዘጋጅተውታል። ሙዲሩ ካፖርቱን አየ፣ ልጓሙን አየ፣ ግንባሩን ጠረገ።

"ያ ዞል" አለ፣ አንተ ሰው እንደ ማለት ነው። "ለከርሞ ሴትየዋ ከጥሩምባው በፊት ትሁን ወይስ በኋላ፣ አስቀድመህ ንገረኝ።"

ሁሉም ሲበተን እኔ ያስጨነቀኝን ጠየቅሁ። ስም የሌለው ድንጋይ ነውና፣ እዚያ ሥር ያለው አባትዎ ባይሆንስ? አያ ፈንታ አልተቆጡም፤ ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ሺህ ጊዜ የጠየቁት ራሳቸው ይመስለኛል።

"ባይሆንም የሰው አባት ነው" አሉኝ። "የእኔንም አንድ ቦታ፣ አንድ የማላውቀው ሰው አልቅሶለት ይሆናል።"

ለዚያ ዓመት ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጣሪያችንን ለወሰደው ንፋስ፣ ለእናቴ ብርጭቆዎች፣ መኪናውን ለያዘው ዋልካ፣ ጊዜውን ላልጠበቀ ጥሩምባ። ዐይኑን ያበሰ ሽማግሌ፣ ሃይማኖቱንም ጎረቤቱንም ሳያስቀይም ሁለቱን ያስተረጎመ አባት ስላየሁ። ከሁሉም በላይ፣ የሚያፏጭ ሰው እንዲለቀስለት አንበሳ መግደል እንደማያስፈልገው ስላስተማረችኝ ሴት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕያዋን የፈለግኩትን እዋሻለሁ፤ ሙታንን አልነካም።

ስለዚህ የመጨረሻዋን እመኑኝ። በሚቀጥለው ኸሪፍ ዝናቡ አባርቶ ወደ ግቢው ስገባ ወታደሮቹ እንደ ልማዳቸው ተገላብጠዋል። ኒሙ ሥር ስደርስ ግን ጠርሙሱ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ድንጋይ ወደ ባሱንዳ ዘንበል ብሏል። እየጮህኩ ወደ ጎጇቸው ሮጥኩ። አያ፣ ድንጋይዎ ወደቀ፣ ኑ፣ ድጅኖ አምጡ!

አያ ፈንታ ያለ ካፖርታቸው ወጡ። ድንጋዩ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እኔ አንድም ቀን አይቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ።

"ተኛ" አሉ።

ድጅኖውን ልቀበላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

"ዛሬስ ተይው። ሌላ ቀን እናቃናዋለን፤ ስንት ዘመን ሲቆም የኖረ ሰው ነው።"

ጠርሙሱን አቅፌ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በእግሬ ጣት ወጣሁ። እስከ በሩ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ እንዳይነቃ።